ጎብዬ የምትሄድበት ምክንያት

ውዴ ሞላ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር አለፈ። ሰላምታዬን አልነፍግህም፤ ቂሜን ግን አልደብቅህም።

ቤታችን ደህና ነው። ልጃችን አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ ያንተን ኮት ካልለበስኩ እያለች ታስቸግረኛለች። የመስኖው ፓምፕ ተሠርቶ ዘንድሮ ማሳችን ሽንኩርት በሽንኩርት ሆኗል።

አርባህ እንደወጣ ወንድምህ ካሳው ለብቻዬ ጠርቶ ነገረኝ። ለካ ጎብዬ ከተማ የምትመላለሰው ሽንኩርት ለመሸጥ ብቻ አልነበረም። እዚህ ቆቦ ላይ የሚያውቅህ ሰው እንዳያይህ የኤችአይቪ መድኃኒትህን እዚያ ነበር የምትወስደው። ፓምፑ ተበላሽቶ ሽንኩርት የቀረ ጊዜ ጎብዬ የምትሄድበት ምክንያት ጠፋህ፤ መድኃኒቱንም ተውከው። እኔ ሳንባው ነው እያልኩ አጥሚት ሳጠጣህ፣ አንተ ሰበብ አጥተህ ትሞት ነበር። ምነው ሞላ! ጎብዬ ልሂድ ስትለኝ መቼ ለምን ብዬህ አውቃለሁ?

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ሰፈራችን መጥታ ተመርመሩ ስትለን ትዝ ይልሃል? እኛ ከመጋባታችን በፊት ተመርምረናል፣ ለሌላው ይድረስ ብለህ ሸኘሃት። እኔ ሞኟ አጠገብህ ቆሜ ኮራሁብህ። ያ ምርመራ ለዕድሜ ልክ የሚበቃ ይመስለኝ ነበር። አንተ ግን ልጅቷን ስትሸኛት መያዝህን ታውቅ ነበር። ከማን እንደያዘህ አልጠይቅህም፤ ዓይኔን እያየህ ዝም ማለትህን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ።

ካሳው ሌላ ከተማ ሄደሽ ተመርመሪ አለኝ። እምቢ ብዬ እዚሁ ቆቦ ገባሁ። አማካሪዋ በሩን ዘግታ፣ አንቺ ካልፈቀድሽ ማንም አይሰማም አለችኝ። ላንተም እንዲህ ብለውህ እንደነበር ሳስብ አለቀስኩ። ከጎረቤት ብትደበቅ ይገባኛል፤ እኔ ጎረቤትህ ነበርኩ? መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እስከማይታይ የወረደለት ሰው ለትዳር ጓደኛው እንደማያስተላልፍም አስረዳችኝ። ብትነግረኝ እኔው ራሴ ጎብዬ አመላልስህ ነበር።

ልጃችን ነጻ ናት። እኔ ግን አለብኝ። የዚያኑ ቀን መድኃኒት ጀመርኩ፤ አሁን ደህና ነኝ።

ውጤቱን የሰማሁ ጊዜ መጀመሪያ ምን እንዳሰብኩ ታውቃለህ? ለሞላ እንዴት አድርጌ ልንገረው፣ ይደነግጥብኛል ብዬ ተጨነቅኩ። መሞትህን ረስቼው ነበር። ያመጣህብኝ አንተ መሆንህንም ረስቼው ነበር።

አልረሳህም ሞላዬ። ስትስቅም፣ ስትዋሸኝም አስታውስሃለሁ። አንተ ግን፣ እኔ ብሆን ኖሮ እነግርህ እንደነበር እወቅልኝ።

የልጅህ እናት