«ፍሪዮ» እና «ፍሪያ»

ሰኞ ኅዳር 6፣ ከምሳ በኋላ

ዛሬም ሳቀችብኝ ዶ/ር ኢልዳ፣ ኩባዊቷ ሐኪማችን። ማዋለጃ ክፍል ሥራ ሲቀዘቅዝ እሷ ስፓኒሽ ታስተምረኛለች፣ እኔ አማርኛ። «ካንሳዶ» አልኳት፤ ደክሞኛል ማለቴ ነው። ለካ የወንድ ነው! እኔ ካንሳዳ። እኔና እሷ ካንሳዳስ። ዘበኛው ከተጨመሩ ግን ሁላችንም ካንሳዶስ። አንድ ወንድ ሲገባ ሁላችን ወንድ ሆንን። ተናደድኩ። ከዚያ እኔም ሳቅሁ። የኛ ይሻላል፣ ማስታወሻዬ፤ «ደክሞኛል» ለወንዱም ለሴቷም ያው ነው።

ረቡዕ ኅዳር 8፣ 11 ሰዓት

ከጉና በቃሬዛ የመጣች ወላድ አለች፣ ጥሩወርቅ። ባሏ አቶ ሙጬ ከጎረቤት ጋር ተሸክመው አመጧት። ወንድ ልጅ ወለደች፣ በደህና። ዶ/ር ኢልዳ ሌላ በሽተኛ ልታይ ወደ ጎን ክፍል ሄደች። የጥሩወርቅን እጅ ብነካው በረዶ። አንሶላውን ብገልጥ ደም። ደሙ እንዲቆም ሆዷን እያሸሁ ስለሆነ ትቻት መሄድ አልችልም። «ኤስታ ፍሪዮ!» ብዬ ጮህኩ። ቀዝቅዛለች ማለቴ ነበር።

ዶ/ር ኢልዳ ከግድግዳው ማዶ ተረጋግታ መለሰች፤ በብርድ ልብስ ጠቅልዪው አለችኝ። ሕፃኑ መስሏታል። ስህተቴ ያኔ ገባኝ፤ የወንዱን ቃል ነው የተናገርኩት።

«ፍሪያ! ኤስታ ፍሪያ!»

ሮጣ ገባች። መርፌ፣ ግሉኮስ። ሁለታችን እየተፈራረቅን ሆዷን ማሸት ቀጠልን። ቆይቶ ደሙ ቆመ።

አቶ ሙጬ በር ላይ ቆመው ነበር።

«እህቴ፣ አለችልኝ?»

«አለችልዎት። ልጁም ደህና ነው።»

ጎንበስ ብለው መሬቱን ሳሙ።

ሐሙስ ኅዳር 9፣ ጠዋት

ጥሩወርቅ አጥሚት ጠጣች። ፊቷ ተመልሷል። ዶ/ር ኢልዳ ስለ ትናንቱ አልተቆጣችኝም፤ እንዲያውም መጥቼ ማየት ነበረብኝ ብላ ራሷን ወቀሰች። ከዚያ ትምህርታችንን ቀጠልን። ጥሩወርቅ ምን እንደምንል ጠየቀችኝ። አስረዳኋት። ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ አለች። ዶ/ር ኢልዳን ጠየቅኩላት፦ እሷ ቪቫ፣ በሕይወት ያለች። ልጇ ቪቮ። ሁለቱ አንድ ላይ ቪቮስ። ጥሩወርቅ ወደደችው። ቪቫ፣ ቪቫ ስትል አረፈደች።

እሁድ ኅዳር 12፣ ከቀበሌ ስብሰባ መልስ

ዛሬ ጥሩወርቅ በበቅሎ ወደ ቤቷ ሄደች፣ ልጁን ታቅፋ። አቶ ሙጬ ልጓሙን ይዘው ቀስ እያሉ። ብርድ ነው፣ ግን ፀሐይ ወጥቷል። ደስ ብሎኛል።

ወደ ካርድ ክፍል ልዛወር ብዬ አመልክቼ እንደነበር አልነገርኩሽም፣ ማስታወሻዬ። ሥራው ይቀላል፣ ደምም የለበትም። ነገ ጠዋት ሜትረኗ ዘንድ ሄጄ ማመልከቻውን አስመልሳለሁ። ማዋለጃ ክፍል እቀራለሁ።