ሃምሳ ያልሞላው ጡረተኛ

ልጄ ራትሪ፣ በጎ ሥራሽ ጥላ ይሁንሽ፤ የስዊድን ብርድ አይድፈርሽ። ቁጭ ብለሽ አንብቢ፣ ከባድ ዜና አለኝ፦ ባልሽ ቶርሽተን ኢሚግሬሽን ተጠርቶ ነበር!

እኛ ደህና ነን። የምናርስባት ጎሽ ወልዳለች። አክስትሽ ግን "ጡረታ የወጣ አማች ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት!" እያለች መንደሩን ታስቃለች። ምን እናድርግ? የአገራችን የጡረታ ቪዛ ሃምሳ ዓመት ይጠይቃል፣ እሱ አርባ አራት ነው፤ በተማሪ ቪዛ ተቀምጦ ታይኛ ይማራል። የማስጠናው እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ነኝ። ከተሳሳተ ሩዝ የለም።

እኔም አብሬው ሄድኩ። የኢሚግሬሽኗ ሴትዮ ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ "አንብብ" አለችው። ዓይኑን አጠበበ፣ ላቡ ተንቆረቆረ።

"ይሄ ነው ተማሪ? ቪዛው አይታደስም።"

"ስሚ አንቺ ልጅ፣" አልኳት፣ "ለጡረታ ልጅ ነው፣ ለትምህርት አርጅቷል ካላችሁ የት ላድርሰው? ሃምሳ እስኪሞላው እኔው አሳድገዋለሁ!"

"እትዬ፣ እርስዎስ ስንት ዓመትዎ ነው?"

"አርባ ሰባት!"

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ጋብ ሲል ባልሽ ማስታወቂያውን እንደ ውሃ አነበበላት፤ ቪዛውም ታደሰ። እንግዲህ "ቪዛ ወደሚቀልበት አገር እንሂድ" ያልሽውን መልሰሽ ዋጪው፤ አማቼን ለማንም አልሰጥም! ሥራሽን ስትጨርሺ አንቺው ነይ።

የቤታችን ጠባቂ መንፈስ ከፊትሽ ይቅደም። እባክሽ አንድ መነጽር ላኪልኝ። እውነቱን ካወጣሁት ነገሩ ኢምንት ነበር፤ ማንበብ አቅቶት አይደለም። የተማርኩ እንድመስል ብዬ፣ ሳቁ ጋብ ሲል እስክመልስለት ድረስ፣ የእሱን መነጽር እኔ አድርጌው ነበር።

እናትሽ ቡንሊየን