ስለ አንድ እሽግ ብስኩትና ስለ አቶ ገረሱ ካርድ

ጉርድ ሾላ ለሚገኘው፣ ዘወትር ለምገበያይበት ሱፐርማርኬት ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በየካሸሩ ጠረጴዛ ላይ ያስተከሏቸው የካርድ ማሽኖችም በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከጉልበቴና ከቤቴ ዝምታ በቀር ደህና ነኝ።

ስሜ ሀብተወልድ ኢታና ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው በመሆኔ ያለ ተራ ቁጥር መጻፍ አይሆንልኝምና አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ። ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁት ደግሞ ሐሳብ መስጫ ሣጥንዎ ውስጥ የከተትኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች እስካሁን እዚያው በሰላም ተኝተው በመስታወቱ ስለሚታዩኝ ነው።

1ኛ. በቅድሚያ ስለ ካርዱ ላመስግን። ቀድሞ ደንበኛው የተወውን ዕቃ ካሸሯ በገዛ እጇ ወደ ጎን ታደርገው ነበር፤ እጅግ አደገኛ አሠራር ነበር። ከሦስት ወር ወዲህ ግን፣ ግድግዳው ላይ ባስለጠፉት ማስታወቂያ መሠረት፣ ጠረጴዛው ላይ ያረፈ ዕቃ ሁሉ ማሽኑ ላይ መመዝገብ አለበት፤ ለመሰረዝ ደግሞ ሱፐርቫይዘሩ አቶ ገረሱ ከላይኛው ፎቅ ወርደው፣ ካርዳቸውን አስጠግተው ማሽኑን ጢጥ ማሰኘት አለባቸው። የእኔ ብስኩት በዚህ ወግ መጀመሪያ የተሰረዘ ዕለት አቶ ገረሱ፣ ካሸሯና የበሩ ጥበቃ ዙሪያዬን ቆመው ነበር። የባለቤቴ የለቅሶ ድንኳን ከፈረሰ ወዲህ ይህን ያህል ሰው አጠገቤ ቆሞ አያውቅም። ጢጥ ሲል ሰው የሚያመጣ ካርድ ከሆነ፣ ለቤቴም አንድ ቢታዘዝልኝ ደስታዬ ወሰን የለውም።

2ኛ. ብስኩቱን ማስረዳት ይኖርብኛል። ባለቤቴ የሺመቤት የስኳር በሽታ ስለነበረባት፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ በመጣሁ ቁጥር ስኳር የሌለውን ብስኩት እገዛላት ነበር። እሷ ካረፈች አሥራ አንድ ወር ሆናት። ለእጄ ግን መርዶውን የነገረው የለም፤ መደርደሪያው ጋ ስደርስ ራሱ ተዘርግቶ ያነሳዋል፣ እኔ የምነቃው ዕቃዬ ከቅርጫት ሲወጣ ነው። ለምን ገዝተህ አትሄድም ይሉኝ ይሆናል። ሞክሬዋለሁ። ቤት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ የሚከፍተው ሰው የለም፤ ሳየው መዋል ነው የሚተርፈኝ።

3ኛ. ሦስተኛው ካሸር ላይ የነበረችው ዳርቱ ይህን ያወቀችው ሳልነግራት ነው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ ይቺ ትቅር አይደል?» ትለኝና፣ መልሴንም ሳትጠብቅ፣ እንዴት እንዳደርኩ ትጠይቀኝ ነበር። ይህም በማስታወቂያዎ ላይ ያልተፈቀደ ተግባር መሆኑን ተረድቻለሁ።

4ኛ. ማሽንዎ ካርዱን ካየ በኋላ የስረዛውን ምክንያት ይጠይቃል። ምርጫዎቹ ሦስት ናቸው፦ ዕቃው ተበላሽቷል፤ ዋጋው ተሳስቷል፤ ደንበኛው ሐሳቡን ቀይሯል። ሁልጊዜ የሚጫኑት ሦስተኛውን ነው። እንግዲህ በመዝገብዎ ውስጥ ሠላሳ ጊዜ ሐሳቡን የቀየረ ሰው ሆኜ ሰፍሬአለሁ ማለት ነው። የመዝገብን ነገር አውቃለሁና አዘንኩ። ክቡር ሆይ፣ እኔ አርባ ሁለት ዓመት በአንዲት ሴት ላይ ሐሳቤን ያልቀየርኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬም አልቀየርኩም።

5ኛ. አቶ ገረሱን አልከስም። ጉልበታቸው እንደኔው ነው፤ ደረጃውን በቀን ሃያ ጊዜ መውጣትና መውረድ ሲያቅታቸው ካርዳቸውን ከሦስተኛው ካሸር ጀርባ ሚስማር ላይ አንጠለጠሉት። ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል፣ ደንበኛው ሁሉ ያውቃል፤ ያላወቁት ምናልባት እርስዎ ብቻ ነዎት። ወረፋው ከኋላዬ «ኧረ ቶሎ በሉልን!» ማለት ሲጀምር፣ እኔ በሰው ፊት እንዳላፍር ዳርቱ ካርዱን አንስታ ጢጥ ታደርገዋለች። ባለፈው ወር ተቆጣጣሪዎችዎ መጡ፤ ኮምፒውተሩም አንድ ዓይነት ዕቃ፣ በአንድ ካሸር፣ በየሳምንቱ በእነዚያው ሦስት ቀናት እንደሚሰረዝ ነገራቸው። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማእድ ይባላልና ሌብነት መሆኑ ወዲያው ገባቸው። ብስኩቱ መደርደሪያው ላይ ተመልሶ መቀመጡን ለማየት ግን ካርድ አያስፈልግም ነበር። አቶ ገረሱ ካርዱን አንገታቸው ላይ የሚያስሩበት አዲስ ማሰሪያ ተሰጣቸው። ዳርቱ ወደ ላምበረቱ መጋዘን ተላከች፤ ሐሙስ ደግሞ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ከሥራ ትሰናበት እንደሆነ ይወስናል አሉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

6ኛ. ማክሰኞ ዕለት ላምበረት ድረስ ሄድኩ። የመጋዘኑ ጥበቃ ዘመዷ ነዎት ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ደንበኛ ነኝ አልኩት። ዳርቱ ዱቄት የነካው ጋዋን ለብሳ ወጣች። ስለ ራሷ አንድም ነገር ሳታነሳ «ጋሼ፣ አሁን ብስኩቷን ማን ያስቀርልዎታል?» አለችኝ። እንዴት አደሩ ብሎ ጠይቆ መልሴን ቆሞ የሚሰማኝ ሰው በዚህ ከተማ እሷ ብቻ ነበረች። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ እውነት ስለሆነ ግን ጻፍኩት።

7ኛ. የምለምነው ጥቂት ነው። ኮሚቴው ሐሙስ ሲቀመጥ ምስክር አድርገው ይጥሩኝ፤ ብስኩቱን ሁልጊዜ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ አንዱንም ያልወሰደችው እሷ ናት። ባይጠሩኝም እመጣለሁ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ቢሉኝ እችለዋለሁ፤ በዕድሜዬ ከዚህ የባሰ ተብያለሁ።

ላሳዩኝ ትዕግሥት፣ ላልመለሷቸው ሦስት ደብዳቤዎችና ዕቃዎን ከአንድ ሽማግሌ እጅ ለመጠበቅ ላደረጉት ብርቱ ጥረት ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ከወረፋው መጨረሻ ላይ ሆኜ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የሰኞ፣ የረቡዕና የቅዳሜ ታማኝ ደንበኛዎ፣ በመዝገብዎ ሐሳበ ቀያሪው
ሀብተወልድ ኢታና

ግልባጭ፦
ለሐሳብ መስጫ ሣጥኑ፣ አራተኛ ሆኖ እንዲተኛ።
ለአቶ ገረሱ፣ ለጉልበታቸው ምሕረት ከመመኘት ጋር።

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ቅዳሜ ስለነበር ሱፐርማርኬትዎ ደርሼ ተመለስኩ። እጄ እንደ ልማዱ ብስኩቱን አንስቷል። አዲሷ ካሸር ቀና ብላ ሳታየኝ መዘገበችው፤ እኔም አቶ ገረሱን ደረጃ ላለማስወረድ ዝም ብዬ ከፈልኩ። ማሽኑም ምንም አልጠየቀኝ፣ ሰውም ምንም አልጠየቀኝ። ብስኩቱ አሁን የሺመቤት ትቀመጥበት በነበረው በኩል ጠረጴዛው ላይ ነው። ሐሙስ ይዤው እመጣለሁ። ዳርቱ ከሌለች እርስዎ ራስዎ በካርድዎ ይሰርዙልኝ፤ ማሽኑ ምክንያቱን ሲጠይቅዎ ከሦስቱ የቱን እንደሚጫኑ ቆሜ አያለሁ። ጊዜ አለኝ፤ ቤት የሚጠብቀኝ ሰው የለም።