ወደ ባሕር የዞረው ሱጁድ

ለውዷ እታለሜ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ያቺ መዳምሽ ደረጃውን በጉልበትሽ ማስወልወሏን ተወች ወይስ ብሶባታል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ዘይኑ ሆስፒታል ገባ የሚል ወሬ ከደረሰሽ አትመኝው፤ እኔ ዘይኑ ይኸው እየጻፍኩልሽ ነው። ወረቀት ያነሳሁት መዳምሽ ስልክሽን ስለያዘችብሽ ነው። የምታደርስልሽ ሀሰና ናት፣ የመካዋ፣ እናንተ ቤት ልብስ ልትሰፋ የምትመጣው። እዚያው እሷ ፊት አንብቢውና መልሺላት፤ ትቅደደው።

እታለሜ፣ ፈርቻለሁ። ከሀገር ስወጣ ጀልባዋ ውሃ ስታስገባ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም። ያኔ የፈራሁት ለራሴ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከምድጃው ነው። ፔትሮሚን ሰፈር፣ ከጋራዡ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ እኔና ባልሽ ዛኪር የብረት ማጋያ እንደሠራን ነግሬሽ ነበር። ግንብ አፍራሾቹ የዶለዶመ የማሽን ጫፍ ያመጡልናል፣ እኛ አግለን እንደገና እናሾልላቸዋለን። ከሰል እንዳናነድ ጭሱ ሰው ይጠራል። ስለዚህ ባዶ አንቡባ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ቆርጠን፣ ውስጡን እሳት በማይበላው ነጭ ጥጥና በጭቃ ለብጠን፣ ከጎኑ ቧንቧ ሰካንበት። በቧንቧው ጋዝ ይገባል፣ ከቧንቧው ጀርባ ባለው ቀዳዳ ደግሞ አየር። ወናፍ የለ፣ ከሰል የለ፣ ኻላስ!

ግን አመሉ! እሳቱ ወደ ቧንቧው ይመለስና ጧ! ይላል፣ እንደ ጠመንጃ። እኔ እዘላለሁ፣ ዛኪር ይስቃል። ደስ ሲለው ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ ይጮኻል። እኔ መች ሰማያዊ እሳት አውቃለሁ? አባታችን ያስተማረኝ የከሰል እሳት ነው፤ ቢጫ፣ ወርቅማ፣ ምላሱን የሚያወጣ። ስለዚህ የአየሩን ቀዳዳ በቆርቆሮ ደፈን፣ ደፈን እያደረግሁ የአባታችንን እሳት መልክ እስኪያመጣ አስተካከልኩት። ጩኸቱ ቆመ፣ መተኮሱም ቆመ። ቢጫው ምላስ ከአፉ ወጥቶ ሲወዛወዝ ሳይ፣ እሳት ማለት ይህ ነው አልኩት። ዛኪር ግን ሰማያዊ ሳለ ብረቱ ቶሎ ይግል ነበር፣ ይሄ አየር የራበው ይመስላል፣ ቀዳዳውን ክፈተው አለኝ። ምን ብዬ መለስኩለት መሰለሽ? የነጋዴ ልጅ ደግሞ ለቀጥቃጭ ልጅ እሳት ያስተምር ጀመር ወይ አልኩት። አንቺን ሲያገባ ወገኖቹ ቡዳ ልታመጣብን ነው ብለው ሲያባርሩት ክፉ ቃል ያልወጣው ሰው፣ ያን ቀንም አልወጣውም። ሳቅ ብሎ ጉጠቱን አነሳ።

በሩንም የዘጋሁት እኔ ነኝ። ዛኪር ካስመጣው አሠሪ ከካፊሉ ከጠፋ ወዲህ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት እንደሌለው ታውቂያለሽ፤ ፍተሻ በመጣ ቁጥር ነፍሳችን ትወጣለች። ደግሞስ አባታችን ሲቀጠቅጥ በር ይዘጋ የለ? ብረት ከእሳት ሲወጣ የሰው ዓይን አይረፍበት ይል የለ? እኔም እንደሱ። ክፍሏ ደግሞ መስኮት የሚባል ነገር የላትም። እያደር ራሳችንን ያመን ጀመር። ያጥወለውለናል፣ ጉልበታችን ይከዳናል። ምን አልን? ዓይን ነው አልን! የባለጋራዡ ዓይን ነው ተባባልን። ሀገር ቤት በዓይን የሚያሙን ሰዎች ይህን ቢሰሙ እንዴት በሳቁብን። አንቺ የላክሽልንን የዘምዘም ውሃ ጠጣን፣ ከቁርኣን አየተል ኩርሲይን ቀራን፣ ከዚያ ያንኑ በር ዘግተን ያንኑ እሳት ለኮስን። ወይ ጉድ!

ማክሰኞ ለዓሱር ሶላት ውዱእ ላደርግ ወጣሁ። ዛኪር ቀድሞኝ አድርጎ ተመልሷል። ወንድሙ ከሚባለው፣ የዕቃ መኪና ከሚነዳው ጎጃሜ ጋር ውሃው ጋ ጥቂት ተጫውቼ ስመለስ፣ ዛኪር ምድጃው አጠገብ ጉልበቱን አጥፎ ግንባሩን መሬት ላይ አድርጓል። ሱጁድ ላይ ነው አልኩ። እታለሜ፣ ሰጋጅ አይረበሽም ብዬ በሩን ቀስ ብዬ መለስኩና ውጭ ቆምኩለት። ሱጁዱ ረዘመ። ይህ ሰው ዛሬ ስንት ዱዓ ነው ያለው ብዬ ለራሴ ቀለድኩ። ለሚስቱ እየለመነ ይሆናል አልኩ። ቆምኩ እኮ! እንደገና ገለጥ አድርጌ ሳይ ነው ያስተዋልኩት። መካ ከእኛ በስተምሥራቅ ናት፤ ሁልጊዜ ወደ በሩ ዞረን ነው የምንሰግደው። ዛኪር ግን ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ፊቱ ወደ ባሕር ነበር።

ያ አላህ! ጎትቼ አወጣሁት። ይተነፍሳል፣ ግን ብጠራው አይሰማም፣ እጁ እንደ እርጥብ ጨርቅ ነው። ወንድሙ መኪናውን አምጥቶ ጭነነው በረርን። ሆስፒታሉ በር ላይ ኢቃማ አሉን። አሁን ሰው ሁሉ፣ ያለ ኢቃማም ያክሙት ነበር እኮ ይለኛል። ይሆናል። ያኔ ማን ሞክሮ ያያል? ባልሽ ጭኔ ላይ ነው ያለው። እጄ ኪሴ ገባና የራሴን አውጥቼ ሰጠሁ። ፎቶዋ ያረጀች ናት፤ እነሱም እኛን ሐበሾቹን ለይተው አያዩንም። ተቀብለው አስገቡት፣ አየር ገጠሙለት፣ አልጋው ላይ ዘይኑ ብለው ጻፉ። ሐኪሙ ለሹፌሩ ለወንድሙ እንዳለው፣ በደንብ ያልነደደ ጋዝ ሽታ የሌለው መርዝ ይተፋል፤ ቢጫ እሳት በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል። ሰማሽ? ዛኪር ክፈተው ያለኝ ያንን የአየር ቀዳዳ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እዚህ ሰቢል ሰፈር፣ ክፍሌ ውስጥ ተወሽቄያለሁ። ሄጄ አላየው ነገር፣ እሱ ዘይኑ ተብሎ ተኝቶ እኔ ማን ነኝ ብዬ ልግባ? መንገድ ላይ ቢይዙኝስ ምን ላሳይ? ደጅ መኪና በቆመ ቁጥር መብራት አጠፋለሁ። ከፖሊስ በላይ ግን የምፈራው አንቺን ነው። ስድቡም እርግማኑም ይገባኛል፤ ብቻ ቶሎ ነዪ። ለመዳምሽ ወንድሜ ታመመ በያት። ወረቀት የሌለው ባል አለኝ ብትያት ሌላ ጣጣ ነው፤ ኢቃማ ላለው ወንድም ግን ትለቅሽ ይሆናል። ስትደርሺ ዘይኑ ብለሽ ጠይቂ። ነቅቶ ዛኪር ነኝ ሊል ቢሞክር አፉን በእጅሽ ያዢው።

ይህን ስጽፍ ሹፌሩ ወንድሙ ከሆስፒታል መጣ። ኮፍያውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። ቁጭ በል ብለው እምቢ አለ። እንዴት ነው አልኩት። የእናትህ ስም ማን ነው አለኝ። ለምን ስለው፣ የሚሞላ ወረቀት አለ፣ የዘይኑን እህት ፊርማም ይፈልጋሉ፣ ዛሬውኑ ትምጣ አለኝ። የምን ወረቀት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ለመድኃኒት ይሆናል። ሆስፒታል መቼም ወረቀት ይወዳል። የእናታችንን ስም ነገርኩት፤ ሳያየኝ ጽፎ ወጣ።

እታለሜ፣ አላህ ሰብሩን ይስጥሽ፣ ልብሽን ያጽናልሽ፣ ከክፉ ሁሉ ይሸሽግሽ። እዚያ ስትደርሺ ለቅሶ ቢያሸንፍሽ፣ ወንድሜን እያልሽ አልቅሺ። በአላህ ይሁንብሽ፣ ባሌን እንዳትዪ። እኔና አንቺ የተገናኘን ቀን በስሙ እንጠራዋለን።

ወንድምሽ ነኝ። ስሜን አልፈርምም፤ እሱ ጋ ነው።