በቀኜ ያስቀመጥኋት ልጅ

ብቸና፣ ግንቦት ፳፫ ቀን

ውድ ልጄ ብሩክታይት፤ ሞጣ።

እኔ አባትሽ መሪጌታ ሣህለ ማርያም ይህን የምጽፍልሽ ሁለት ዓመት ላዘገየሁት ጥያቄሽ መልስ ለመስጠት ነው። በመጨረሻው ደብዳቤሽ፣ «ፈቃድዎ ካልሆነ ብመረቅም ሕፃናት ዘንድ አልገባም፤ የጽሕፈት ሥራ አግኝቻለሁ፣ እርሱን እይዛለሁ» ብለሽኛል። የምረቃሽ ቀን ስለ ቀረበ ከዚህ በላይ ዝም ማለት ኃጢአት ይሆንብኛል።

የሕፃናት አስተዳደግና ትምህርት ልትማሪ ስትነሺ ያልሁሽን አልረሳሁም። «ሕፃን ማጫወትም ትምህርት ሆኖ ዲፕሎማ ይሰጥበታል? እንዲያማ ከሆነ የአገሩ ሞግዚት ሁሉ ሊቅ ነው» አልሁ። አንቺም ቀና ብለሽ፣ «አባባ፣ እርስዎስ አርባ ዓመት ሙሉ በማን ልጅ ነው የደከሙ?» አልሽኝ። ተቆጣሁ። መናኸሪያ ድረስ የሸኘሽ እናትሽ ብቻ ናት።

ሕፃን በተግሣጽ ይቀናል የሚለውን ዛሬም አልተውሁም። ነገር ግን አንድ ነገር ልናዘዝልሽ ይገባኛል።

ዛሬ አንቺ ዘንድ ያለችው የወይንእሸት ልጅ ጸደንያ፣ ወደ ሞጣ ሳይዛወሩ አምና የእኔ ተማሪ ነበረች። ፊደል ቆጣሪ ሁሉ በቀኜ ይቀመጣል፤ እኔም የተማርሁት በየኔታዬ ቀኝ ተቀምጬ ነው። «ሀ በይ» ስላት ዝም ትላለች፤ ስደግምላት መሬት መሬቱን ታያለች። ትዕቢት መሰለኝና አንበረከክኋት። በሦስተኛው ወር እናቷን አስጠርቼ፣ «ልጅሽ ልቧ ዝግ ነው፤ ውሰጃት» አልኋት። ወይንእሸት ጉልበቴን ስማ፣ ልጇን አዝላ ሄደች።

ባለፈው ዓርብ ለአንድ የቅኔ ቤት ጓደኛዬ ተዝካር ሞጣ መጥቼ ነበር። የምትለማመጂበትን መዋዕለ ሕፃናት ጠይቄ ደረስሁ። ዘበኛው ፈረደ ጥምጥሜንና ጭራዬን አይቶ፣ «የኔታ፣ ለመመዝገብ ከሆነ ዕድሜዎ አልፏል» አለኝ። በመስኮት አየሁሽ። ከጸደንያ በስተቀኝ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠሻል፤ አንቺ ትያለሽ፣ እርሷ ትከተላለች። ከ«ሀ» ተነሥታ «ሠ» ደርሳለች።

«ይህች ልጅ እንዴት ተገለጠላት?» አልሁት።

«ግራ ጆሮዋ አይሰማም እኮ፣ የኔታ። እኛ ዝንጉ ናት ስንል፣ መምህርት ብሩክታይት ናት ከጀርባዋ ባቄላ በጣሳ እያንሿሿች ያወቀችው።»

በቀኜ የተቀመጠ ልጅ ሁሉ የሚሰማኝ በግራ ጆሮው መሆኑን በአርባ ዓመት አንድ ቀን አስቤው አላውቅም።

እንግዲህ ፈቅጃለሁ። የጽሕፈቱን ሥራ ተዪው፤ የእግዚአብሔር በረከት ከእጅሽ አይለይ። በምረቃሽ ዕለት ካባዬን ለብሼ እመጣለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ወይንእሸት ደጅ ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሳላነጋግርሽ የተመለስሁት ንቄሽ እንዳይመስልሽ። ልጆቹ ለዕረፍት ሲወጡ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር። ጸደንያ አየችኝ። ትሸሸኛለች ብዬ ነበር፤ እርሷ ግን መጥታ፣ እንደ ሥርዓቴ፣ በቀኜ ቁጭ አለች። «እንደምን ነሽ ልጄ» አልኋት። አልሰማችም። አንገቴን ደፋሁ። እርሷም ተነሣች፤ ዞራ በግራዬ ተቀመጠችና ጋቢዬን ሳብ አደረገች። ከዚያ በኋላ አንቺን ለማየት ዓይን አልነበረኝም። ቃሏ ይህ ነው፦

«የኔታ፣ በዚህ በኩል ይንገሩኝ።»