ስለ ሸዋወርቅ ሆድና ስለ ስምንቱ ደቀ መዛሙርት

ይድረስ፦ የውስጥ ደዌን ሁሉ ለሚያውቁት፣ በአንኮበር የመድኃኒት መምህር ለሆኑት ለክቡር መምህር ወልደአረጋይ።

እህል የሚስማማው ሆድዎንና የሰላም እንቅልፍዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎ። እኔ ቁም ጸሐፊው ገብረአማኑኤል ደኅና ነኝ፤ ባለቤቴ ሸዋወርቅ ግን ሆዷን ታማ ለእርስዎ ከሰጠኋት ወዲህ ትምህርት ቤት ሆናለች። ይህን ጽሑፍ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ማስነበቤ ውለታዎን ብቻዬን መሸከም ስላቃተኝ ነው።

፩ኛ፤ የእናት ጥላ ለበሽተኛ እንደማይስማማ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። አማቴ እመት ዘርፈሽዋል ከደብረ ብርሃን በበቅሎ ቢመጡ፣ ከፀሐይ የገባ ሰው ጥላ በሽታ ያብሳል ብለው ስለከለከሏቸው፣ በዚህ ብርድ ከደጅ ተቀምጠው ሰነበቱ። ስምንቱ ደቀ መዛሙርትዎ ግን ከዚያው ፀሐይ እየመጡ ይገባሉ፤ የተማረ ሰው ጥላ የለውም መሰለኝ።

፪ኛ፤ የቁርሳቸው ወጥ ከጣታቸው ሳይደርቅ ሆዷን ተራ በተራ ስለተጫኑላት አመሰግናለሁ። አንዱ ጉበት ነው፣ ሌላው ጣፊያ ነው እያለ ሲከራከር፣ የት ላይ እንደሚያማት የጠየቃት አልነበረም። በጮኸች ጊዜ እርስዎ ደስ ብሎዎት፣ ያንኑ ቦታ ሁሉም ደግመው እንዲጫኑት አዘዙ።

፫ኛ፤ ያስታወከችበትን ገበቴ እየተቀባበሉ ሲያሸቱ፣ አንደኛውም ጣቱን ነክሮ ካየ በኋላ በዚያው ጣት ምላሷን ሲጎትት አይቻለሁ። የቀረውን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ማስነበብ ነውር ነው። ተጸየፍኩ፤ ከዚህ የለሰለሰ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ተማሪ ሳይነካ አይማርም ቢሉኝ አልክድም። እኔም ጽሕፈት ስማር ብዙ ብራና አበላሽቻለሁ፤ ብራና ግን አያለቅስም።

ሸዋወርቅ አሁን መድኃኒት አትለምንም፤ የምትጠራው እናቷን ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ሲነበብ እመት ዘርፈሽዋል ከነጥላቸው ገብተው ከራስጌዋ ተቀምጠዋል፤ የቤቴም በር ለጉባኤዎ ተዘግቷል።

ከጥበብዎ የተረፈችለትን ሚስቱን አቅፎ፣ ከሩቅ ሆኖ እጅ የሚነሳዎ፣
ገብረአማኑኤል
አንኮበር፣ በኅዳር ወር ፲፰፻፸፱ ዓመተ ምሕረት

ከላይ ሳልጽፈው የቀረ፦ ትናንት እርስዎንም ሆድ ቁርጠት ይዞዎት እንደዋለ፣ ደቀ መዛሙርትዎ ሊመረምሩዎ ቢመጡ ከደጅ እንዳስመለሷቸው፣ እናትዎንም አስጠርተው እንዳስገቡ ሰማሁ። እግዜር ይማርዎ። እናትዎ ሲገቡ ጥላቸውን የት እንዳስቀመጡት ቢነግሩን፣ አማቴን እናስተምራቸው ነበር።