በቃል የሚያዝ ቁጥር

ይድረስ ለልጄ ለኑኃሚን፤ እመብርሃን በምትሄጅበት ሁሉ ትቅደምልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ቦንጋ ዝናቡ አላባራም።

የጎረቤታችን የእትዬ አፀደ ልጅ፣ ያ እንዳለ የሚባለው ኢንጂነር ነኝ ባይ፣ ለስልጠና ዱባይ ሄዶ ስልኩ ወድቆ ተሰበረ። የሆቴሉም ስም፣ ትኬቱም እዚያው ውስጥ ነበር። ፖሊሱ «ለማን እንደውልልህ?» ቢለው የገዛ እናቱን ቁጥር አያውቅም። እሳቸው እዚህ ሦስት ቀን እህል ሳይቀምሱ ከረሙ። አንድ ያገር ሰው ደርሶለት ሲመለስ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ስልኩ ከዳኝ።» ወይ መማር። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት የሁላችሁንም ቁጥር በቃሌ እወጣዋለሁ።

አንቺንም እጠረጥራለሁ። ቁጥሬንና አድራሻሽን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ኮትሽ ውስጥ ስፊው። ወጥተሽ በሰላም ግቢልኝ። እሑድ ግን በሰው ስልክ፣ ቁጥሬን የትም ሳታዪ ደውይልኝ፤ የማላውቀውንም ቁጥር አነሳለሁ።

እናትሽ የምሥራች